አልሸሹም፣ ዞር አሉ

«የደላሎቹ ሰንሰለት ተበጣጥሷል። ዋና ዋናዎቹ ተይዘዋል። የቀረው ፍርፋሪ ነው።»

ይህን የነገረኝ ቦንጋ ከተማ ውስጥ፣ ከአንዲት ጠባብ ቡና መሸጫ በረንዳ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ቡናውን ፉት ሲል የነበረ ጎልማሳ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ መሆኑን ገና ሳንነጋገር ከያዘው አጀንዳና በደረት ኪሱ ከሰካቸው ሁለት እስክሪብቶዎች ገምቼ ነበር። ጨዋታችን የተጀመረው ከዝናቡ ነው። ከዝናቡ ወደ ቡና ዋጋ፣ ከቡና ዋጋ ወደ ወጣቱ ስደት ተሻገረ። እኔም እንደ እንግዳ ደንብ «እሰየው ነው» ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ቡናውን የምትቀዳልን ሴት ግን አልነቀነቀችም። ሰውየው ሂሳቡን ከፍሎና ተሰናብቶን ከሄደ በኋላ ስኒውን እያነሳች እንዲህ አለችኝ፤

«እሱ ምን አለበት ወንድሜ! የእኔን ልጅ የወሰደቻት የአባቷ የአክስት ልጅ ናት። በበዓል እዚሁ መጥታ፣ በልታ ጠጥታ ትሄዳለች። ሰንሰለት የሚሉት እሷን ነው?»

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ በሰውየውና በሴትዮዋ መካከል ለመዳኘት የተጻፈ ነው። ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ እኔ የሴትዮዋ ወገን ነኝ። ወገን ይዞ የሚዳኝ ዳኛ ደግሞ ማስረጃውን በደንብ መደርደር ይጠበቅበታልና እስቲ ልሞክር።

ሰውየው ከባዶ ሜዳ ተነስቶ አልተናገረም። «ወሊድ» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቀው ተወልደ ጎይቶም አዲስ አበባ ላይ ተይዞ በ2013 ዓ.ም. የ18 ዓመት እሥራት ተፈርዶበታል። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ደግሞ ለኔዘርላንድስ ተላልፎ ተሰጥቷል። ኪዳነ ዘካሪያስ ሀብተማርያምም በ2012 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ተይዞ ነበር። በየካቲት 2013 ዓ.ም. ለችሎት በቀረበበት ዕለት አመለጠ፤ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ እንደገና ተያዘ። ሁለቱም ኤርትራውያን ናቸው። ስማቸው የሚነሳው በሊቢያዋ ባኒ ወሊድ ስደተኞችን በማጎር፣ ዋይታቸውን በስልክ ለወላጅ በማሰማትና በሺህ የሚቆጠር ዶላር በማስከፈል ነው። ሕጉም ቢሆን ጠንክሯል። በ2007 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 909 ወጣ፤ በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1178 ተተካ። ስለዚህ ሰውየው «ሰንሰለቱ ተበጣጠሰ» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን የቀን መቁጠሪያውን እንግለጥ። ኪዳነ ሱዳን ውስጥ በተያዘበት በዚያው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም.፣ ከሉሳካ ዳርቻ ዛምቢያ ውስጥ የ27 ወንዶች አስከሬን ከመንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። ከዚያ በፊት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ አውራጃ፣ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ የ64 ኢትዮጵያውያን አስከሬን ተገኝቷል። ከዚያ ወዲህም በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ከየመን አብያን ጠረፍ አጠገብ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ሰዎችን የጫነች ጀልባ ሰጥማ ከስልሳ በላይ ሰው አለቀ። «እነዚህ እኮ የሌላ መንገድና የሌላ ደላላ ሰለባዎች ናቸው» የሚል ይኖራል። እኔስ ምን አልሁ? የሰሜኑ መንገድ አለቆች ሲታሰሩ የደቡቡና የምሥራቁ መንገድ አስከሬን ማምረቱን አላቆመም። በአንዱ መንገድ ላይ ራስ እየቆጠርን በሌላው ላይ ሬሳ እንቆጥራለን። እንዲህ ያለውን ነው አበው «አልሸሹም፣ ዞር አሉ» የሚሉት።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ የሚሞት የወንጀል ቤት መሞቱ በምን ይታወቃል? በሽተኛ ሲደክም ሐኪሙ ትኩሳቱን ይለካል፣ ትርታውን ያዳምጣል። የወንጀል ቤት ሲደክምስ? በአገራችን የተለመደው መለኪያ አንድ ብቻ ነው፤ የተያዘ ራስ። ራስ ተያዘ፣ ዜና ተነገረ፣ ጭብጨባ ተጨበጨበ፣ መዝገቡ ተዘጋ። ይህ መለኪያ እንደማይሠራ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከቦንጋ በላይ ምስክር አይገኝም።

ቦንጋን ብዙዎቻችን የምናውቃት በቡና ነው። የቡና መገኛ፣ የጫካ ቡና፣ የብሔራዊ ቡና ሙዚየም ከተማ፣ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የከፋ ጥብቅ ሥፍራ መዲና… ሁሉም እውነት ነው። ግን ከዚህች ምድር ለዘመናት የወጣው ሸቀጥ ቡና ብቻ አልነበረም። ማርና ዝባድ ነበር፤ የዝሆን ጥርስ ነበር፤ ሰው ነበር። ከቦንጋ የተነሳ ምርኮኛ ጎጀብን ተሻግሮ ጅማ ሂርማታ ገበያ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ሊሙ እናርያ ሰቃ፣ ዓባይን አቋርጦ ወደ ጎጃሙ ባሶ ገበያ፣ ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ መተማ ወይም ወደ ምጽዋ ይነዳል። በየገበያው ባለቤቱ ይለዋወጣል፤ በየገበያው ዋጋው ይጨምራል። መተማ የምትለዋን ስም ልብ በሉልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ደግሞ እንዳንዋሽ! ይህን ንግድ ከፋ ላይ ያመጣው ባዕድ ብቻ አይደለም። የከፋ ነገሥታት ራሳቸው ከዚህ ገበያ ንጹሕ አልነበሩም። ያጠፋ ሰው ከነቤተሰቡ ይሸጥ ነበር፤ የጎረቤት ምርኮኛም ይሸጥ ነበር። አገሪቱን ዙሪያዋን ጠላት እንዳይገባ «ሂሪዮ» በሚሉት ጥልቅ ጉድጓድ አጥረዋት ነበር፤ መግቢያዋ «ኬሎ» የሚባለው በር ብቻ ነበር። ጉድጓዱ ጠላትን ለብዙ ዘመን አገደ። በበሩ በኩል የሚወጣውን ሰው ግን አላገደም።

በ1889 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ ከፋን ወረሩ። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት በጫካው ሲሸሹ ቆይተው ተያዙ፤ ከሃያ ዓመት በላይ በእሥር ኖረው በዚያው ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነው ንግዱ የባሰው። ለምን? ወታደሩ ደመወዝ አልነበረውማ! ደመወዙ ገባር ነበር፤ ይህን ያህል ነፍጥ ላነገተ ይህን ያህል ጎጆ ይሰጠዋል። ገዥው ሲሻር ወይም ሲዛወር ሠራዊቱ ገባሩን ከነልጁ እንደ ዕቃ አግዞ ይሄዳል። ተተኪው ሲመጣ ባዶ ጎጆ ይጠብቀዋል። እሱም ባዶውን ለመሙላት ወደ ጊሚራና ወደ ማጂ ይዘልቃል። በ1904 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ራሳቸው ወደ ጊሚራ ወርደው በሺህ የሚቆጠር ሰው አስነድተዋል፤ ብዙው በመንገድ በረሃብና በበሽታ አለቀ። በ1910ዎቹ ከፋን ያየው ጀርመናዊ ተጓዥ ማክስ ግሩል በመጽሐፉ የሚተርከው ሰው የጎደለበትን አገር ነው፤ የታረሰው መሬት ወደ ጫካ የተመለሰበትን አገር። ዛሬ «ድንግል ደን» እያልን የምናደንቀው አረንጓዴ ሁሉ ድንግል ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። አንዳንዱ ሥር የሰው ጓሮ ነበር።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ይህ ንግድ ስንት ጊዜ «ሞተ» ተባለ? አፄ ቴዎድሮስ ከለከሉት። አፄ ዮሐንስ በ1876 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ውል ገብተው ከለከሉት። አፄ ምኒልክ ከለከሉት። በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ሰው የሸጠ በሞት ይቀጣል ተባለ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ነጻ የማውጫ ደንብ ታወጀ። በ1923 ዓ.ም. ሌላ ሕግ ወጣ። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን «ነጻ አወጣኋችሁ» ብሎ ለወረራው ማስታወቂያ አደረገው። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ደግሞ የመጨረሻው አዋጅ ወጣ። ሰባት ጊዜ ተቀበረ! ስድስት ጊዜ ከመቃብሩ ወጥቶ ገበያ ዋለ። በየመካከሉም የተያዘ ፈንጋይ፣ የተቀጣ ነጋዴ፣ የተሻረ ሹም አልጠፋም። የተያዘ ራስ መለኪያ ቢሆን ኖሮ የባሪያ ንግድ የአያቶቻችን ሳይሆን የቅድመ አያቶቻችን ታሪክ በሆነ ነበር።

ታዲያ ሰባተኛው ለምን ያዘ? አዋጁ ከቀደሙት ይልቅ በብራና ላይ ስላማረ አይደለም። በእኔ እምነት ከአዋጁ በታች ያለው መሬት ስለተቀየረ ነው። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ሹሙና ወታደሩ ደመወዝ መቀበል ጀመሩ፤ በገባር መከፈል ቀረ። ይህ አንድ። የአገሬው የጦር ቤቶች በአምስቱ ዓመት ጦርነት ፈርሰው ነበር፤ ነጂውን የሚጠብቅ ጠመንጃ ቀነሰ። ይህ ሁለት። ሦስተኛው ቡና ነው። ቡና በዓለም ገበያ እየተፈለገ ሲሄድ ሰው ከሚነዳ ይልቅ እዚያው ቆሞ ቢለቅም የሚያስገባው ገንዘብ በለጠ። ንግዱን የገደለው ጽድቅ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ። ሒሳብም አግዞታል።

ከዚህ ታሪክ አራት መለኪያ አወጣሁ። ቀለል ያሉ ናቸው፤ ማንም ሊጠቀምባቸው ይችላል። ክፍያው፣ መንገዱ፣ ከለላውና ገዥው። የወንጀል ቤት መድከሙን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ስንት ራስ ተያዘ ብሎ ሳይሆን እነዚህን አራቱን ይጠይቅ።

ከክፍያው ልጀምር። ብዙ ሰው የደላላው ዋጋ ከናረ ደላላው ጠነከረ፣ ከረከሰ ደከመ ይላል። ተሳስቷል። ዋጋ በፍርሃትም ይንራል። እኔ የምመለከተው ሌላ ነገር ነው፤ ደላላው ዱቤ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? ከቦንጋ እስከ ጅማ ባደረግሁት ጉዞ የጠየቅኋቸው ሁሉ ያሉኝ አንድ ነው። «መጀመሪያ አያስከፍሉም። ሂድና ትከፍላለህ ይላሉ።» ልጅቱ ያለ ሳንቲም ትወሰዳለች፤ ልጁ ያለ ሳንቲም ድንበር ይሻገራል፤ ሒሳቡ የሚመጣው ከተሻገረ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ወላጅ በሬውን ይሸጣል፣ የቡና ማሳውን ያስይዛል። እስቲ ንገሩኝ፤ ዱቤ የሚሰጥ ነጋዴ የከሰረ ነጋዴ ነው? ዱቤ የሚሰጠው ገንዘቡን እንደሚያስመልስ የሚተማመን ነው። ይህ መተማመን እስካለ ድረስ ቤቱ ቆሟል።

መንገዱ ሁለተኛው ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን አባረረች። መንግሥትም ለቤት ሥራ ወደዚያ መሄድን ለጊዜው ከልክሎ ነበር። ያኔም «በቃ፣ ተዘጋ» ተብሏል። በሕጋዊ መንገድ የሚወጣው ሲቆም በጅቡቲና በቦሳሶ በኩል የሚወጣው ቀጠለ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሱዳን በጦርነት ስትነድ በመተማ በኩል ያለው መንገድ ታመሰ። መተማ አላልኋችሁም? የድሮው ቅፍለት የሚያርፍባት፣ የዘመኑ ስደተኛም የሚያልፍባት ያችው መተማ! መንገዱ ሲታመስ ግን የሞያሌው መንገድ አለ። ከኬንያ ታንዛኒያ፣ ከታንዛኒያ ማላዊ ወይም ሞዛምቢክ፣ መጨረሻው ደቡብ አፍሪካ። መንገድ የሚደክመው ሲዘጋ ሳይሆን አማራጭ ሲያጣ ነው።

እርግጥ ነው፣ ከፋ በዚህ ከሐዲያና ከከምባታ ጋር አይወዳደርም። ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚተመው ጎረምሳ ከእነሱ ይበዛል። የከፋ መንገድ ዝቅ ያለ፣ ድምፁ የማይሰማ ነው። ከጊምቦ፣ ከጨና፣ ከዴቻ ቀበሌዎች አንዲት ልጅ ወደ ቦንጋ፣ ከቦንጋ ወደ ጅማ፣ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ትሄዳለች። አብራት ያለችው «አክስት» ናት። ፖሊስ ምን ብሎ ያስቆማቸዋል? አክስትና የእህት ልጅ አብረው ቢጓዙ ወንጀሉ ምኑ ላይ ነው?

ወደ ሦስተኛው መለኪያ፣ ወደ ከለላው የሚወስደንም ይኸው ነው። የድሮ ፈንጋይ ከለላው የጦር አለቃ ነበር። የሊቢያው አጋች ከለላው ጠመንጃ ያነገተ ሚሊሺያ ነው። የእኛ አገር የታችኛው ደላላ ከለላውስ? ሽምግልና! አዎ፣ የምንኮራበት ሽምግልና። ልጅ ጠፋ፣ ወላጅ ከሰሰ፣ ደላላው ተያዘ እንበል። ደላላው ደግሞ ዘመድ ነው፤ ወይ አማች፣ ወይ አበልጅ፣ ወይ የዕድር አባል ነው። ሽማግሌ ይላካል። «የወሰድከውን ገንዘብ መልስ፤ አንተም ክሱን ተው» ይባላል። ገንዘቡ ይመለሳል፣ ክሱ ይተዋል፣ ምስክር ይጠፋል፣ ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ይዘጋል። ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሰላም ማውረዳቸው ነው። ግን ሰላሙ የወረደው በማንና በማን መካከል ነው? በወላጅና በደላላ መካከል። ልጅቱ በእርቁ ላይ አልነበረችም። ቤይሩት ወይም ሪያድ ናት፣ አለዚያም አዲስ አበባ ከአንድ ወጥ ቤት ውስጥ።

ስለ ከለላ ካነሳን አንድ መራራ ነገር ልጨምር። ይህ ንግድ በየዘመኑ መጀመሪያ የሚመርጠው ጎረቤት የማያለቅስለትን ሰው ነው። ከፋ ውስጥ ማንጆ የሚባሉ ወገኖች አሉ። በጥንቱ መንግሥት የኬሎ በር ጠባቂዎች ነበሩ። አብሯቸው መብላት ነውር፣ ከእነሱ ጋር መጋባት ደግሞ የማይታሰብ ሆኖ ኖረ። በሕግ ሁሉም እኩል በሆነበት ዘመንም ይህ ልማድ ተጠራርጎ አልጠፋም። አንድ ማኅበረሰብ ከማዕዱ የሚያርቀው ልጅ ሲጠፋ ስንት ሰው ይፈልገዋል? አዲስ አበቤ ሆይ፣ «ኋላ ቀር ልማድ» ብለህ ለመናቅ አትቸኩል። «ባሪያ» የምትለው ስድብ እስከ ዛሬ ከሰፈርህ ልጆች አፍ አልጠፋችም። ገበያው በ1934 ዓ.ም. ተዘጋ። ቃሉ ግን ገና አልተዘጋም።

አራተኛውና ትልቁ መለኪያ ገዥው ነው። እዚህ ላይ የሰው ጣት ከመቀሰሬ በፊት የራሴን ቤት ላንሳ።

ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ሁለተኛ ክፍል ስማር ቤታችን አንዲት ልጅ መጣች። ከእኔ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ብትበልጥ ነው። «ከጅማ ወዲያ ነው አገሯ» ተባለ። ያመጣት ሰው «አጎቷ ነኝ» አለ፤ ደመወዟንም በየሦስት ወሩ እየመጣ የሚወስደው እሱ ነበር። እናቴ ስሟ አልያዝልሽ ብሏት ሌላ ስም አወጣችላት። በአዲሱ ስሟ ውሃ ቀዳች፣ ሽንኩርት ከተፈች፣ ደብተሬን ተሸክማ ትምህርት ቤት በር ድረስ አደረሰችኝና ተመለሰች። በር ላይ! አራት ዓመት ሙሉ እኔ ገባሁ፣ እሷ ተመለሰች። አንድ ቀን «አጎቷ» መጥቶ ወሰዳት። ዓረብ አገር ነው ተባለ። እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ልብስ ትገዛላት ነበር፤ ስትታመም ሐኪም ቤት ወስዳታለች። እኔም ክፉ ልጅ አልነበርሁም። ግን የመጀመሪያ ስሟን ዛሬ ላስታውስ ብል አይመጣልኝም። ቦንጋ ገበያ ውስጥ ሴቶች ሲጠራሩ በሰማሁ ቁጥር «ይህ ይሆን?» እያልሁ ነበር የዋልሁት።

የሰው ስም መለወጥ ከየት የመጣ ልማድ ነው? ምርኮኛ ገዝቶ አዲስ ስም ማውጣት የድሮው ገዥ የመጀመሪያ ሥራ ነበር።

«ኧረ ተው! ባሪያና የቤት ሠራተኛ አንድ ናቸው ልትለን ነው?» የሚለኝ አንባቢ አለ። አላልሁም። ሠራተኛዋ ደመወዝ አላት፤ በሕግ ነጻ ናት፤ በሯን ከፍታ መውጣት ትችላለች። ብዙዎቹም በራሳቸው ፈቃድና ተስፋ የመጡ፣ ቤተሰብ የሚረዱ ጎበዞች ናቸው። ሁለቱን አንድ ማድረግ የድሮዎቹን መከራ ማቃለል፣ የዛሬዎቹንም ማዋረድ ነው። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ አምጪው አንድ ዓይነት ነው፣ መንገዱ አንድ ዓይነት ነው፣ የገዥው ጥያቄም አንድ ዓይነት ነው። «ዕድሜዋ ትንሽ ይሁን፤ አገሯ ራቅ ያለ ይሁን፤ ዘመድ ከተማው ውስጥ አይኑራት።» ይህን መሥፈርት የፈጠረው ባኒ ወሊድ ያለ አጋች አይደለም። እኛው ነን፣ በየሳሎናችን። ሕጉም ቢሆን ረድቶናል። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የቤት ሠራተኛን ከወሰኑ ውጭ አድርጎ ጉዳዩዋን ለሌላ ደንብ አስተላልፎታል። የፋብሪካ ሠራተኛ በአዋጅ የእረፍት ቀን ሲኖረው የእሷን እረፍት የምትወስነው እመቤቷ ናት።

ሌላው መልስ የሚሻው «ዋናው ድህነት ነው» የሚለው ነው። ይህ አባባል እውነት ስለሆነ ነው አደገኛ የሚሆነው። ድህነት ልጅ ከቤት ይገፋል። ግን ድህነት መኪና አይከራይም፣ በየኬላው ጉቦ አይሰጥም፣ ኮንቴይነር አይቆልፍም። ይህን የሚያደርገው ሰው ነው፤ ስም ያለው፣ ስልክ ያለው፣ ሠርግ የሚጠራ ሰው። «ድህነት ነው» ባልን ቁጥር ያ ሰው ከጥያቄው ሾልኮ ይወጣል።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ቤቱ ደክሟል፤ ይህን አልክድም። ታዋቂዎቹ አለቆች እንደ ቀድሞው በአዲስ አበባ ቡና ቤቶች ተዝናንተው አይቀመጡም፤ ሕጉ ጥርስ አብቅሏል፤ የተያዙትን የያዙ ፖሊሶች፣ ስማቸውን ደፍረው የሰጡ ተጎጂዎችም ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን የደከመው ጣራው ነው። ዱቤው አለ፣ አማራጭ መንገዱ አለ፣ የሽምግልናው ከለላ አለ፣ ገዥው አለ። ከአራቱ አንዱ እንኳ ባልወደቀበት ቤት ላይ ሙሾ ማውረድ ራስን ማታለል ነው። እንዲያውም ጣራው በመውደቁ ቤቱ ለዓይን ጠፋ እንጂ አልፈረሰም። ትልቅ አለቃ ያለው ወንጀል አለቃው ሲያዝ ይደነግጣል። አለቃ የሌለው፣ በአክስትና በአጎት የተዋቀረ ወንጀል ግን ማን ሲያዝ ይደንግጥ?

ምን ይደረግ? ታምር አልጠይቅም። አንደኛ፣ የሰው ማዘዋወር ክስ በሽምግልና እንዳያልቅ ዐቃቤ ሕጉ ይጽና። ወላጅ ክሱን ቢተውም መንግሥት አይተው፤ ነፍሰ ገዳይ በእርቅ ከፍርድ ቤት እንደማይቀር ሁሉ ይህም አይቅር። ሽማግሌዎችም ወደ እርቅ ከመቀመጣቸው በፊት «ልጅቱ የት ናት?» ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ ለቤት ሠራተኛ የሥራ ሰዓት፣ የእረፍት ቀንና የደመወዝ ሕግ በግልጽ ይከበርላት፤ ደመወዟም በእጇ ይሰጣት እንጂ ለ«አጎት» አይሰጥ። ሦስተኛ፣ ከስደት የተመለሰ ሰው በየቀበሌው «ከሳሪ» ተብሎ መሳቂያ ከሚሆን ይልቅ አፉን ከፍቶ እንዲናገር ይደረግ። በሰንሰለቱ ላይ ከእሱ የተሻለ ምስክር የለም። አራተኛ ደግሞ፣ የከፋ ገበሬ የቡና ዋጋ። በ1930ዎቹ ቡና ሰውን በአገሩ ማቆየት ከቻለ ዛሬ የማይችለው ለምንድን ነው? የቦንጋን ቡና በፈረንጅ አገር በስሟ እየሸጥን ለቃሚዋ ልጅ ግን ለአውቶቡስ ትኬት የምትቸኩል ከሆነ፣ ትርፉ የት እንደሚቀር መጠየቅ አለብን።

ከቦንጋ በተነሳሁበት ጠዋት ቡና ልጠጣ ወደዚያችው በረንዳ ሄድሁ። ሴትዮዋን ስለ ልጅዋ ጠየቅኋት። መጀመሪያ አዲስ አበባ ነበረች፤ ከዚያ ተሻገረች፤ ስልክ ከደወለች ሰባት ወር ሆናት። «ያቺ የአክስቷ ልጅስ?» አልኋት። «ለመስቀል መጥታ ነበር» አለችኝ። «ምን አልሻት?» ስላት ትንሽ ዝም አለችና «ምን እላታለሁ? ቡና አፈላሁላት» አለች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። የእኛ ባሰ። ጅቡ ከነልጆቹ ጓሮ ተኝቶ ሳለ «ሄዷል» ብለን ውሻውን ዝም አሰኘነው። ሴትዮዋ «ሰንሰለት የሚሉት እሷን ነው?» ብላ ለጠየቀችው ያኔ አልመለስሁላትም ነበርና እዚህ ልመልስ። አዎ እናቴ፣ እሷን ነው። እኛንም ጭምር ነው።